ያልጠፋው መልስ

ሸዋዓለም ሥራዋን ለመተው የቆረጠችው ቀኝ እጇ የሻይ ብርጭቆ መያዝ ባቃተው ማግስት ነው። ሐኪሙ የእጇን አንጓ ጫን ጫን እያደረገ መረመራትና «ሥራዎ ምንድን ነው?» አላት። «መጻፍ» አለችው። «እንግዲያው እሱን ማቆም ነው።» አልተከራከረችውም። እንዲያውም ይህን ቃል ከሰው አፍ ስትጠብቅ እንደኖረች ያወቀችው ያኔ ነው።

ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት፣ አንድ የፎቶ ኮፒ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጣ የሰው ክስ ስትጽፍ ኖራለች። መጀመሪያ በታይፕ፣ ኋላ በላፕቶፕ። ወንድሙ ውርስ የነፈገው፣ አከራዩ ዕቃውን አውጥቶ የበተነበት፣ ባሏ ጥሏት የሄደባት፣ ሁሉም መጥቶ ከአጠገቧ ካለችው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ቁጭ ይላል። የሚያለቅሰው ያለቅሳል፣ የሚሳደበው ይሳደባል። እሷ ልቅሶውንና ስድቡን ወደ ጎን ትታ ቁም ነገሩን ትጽፋለች። ራፖር ጸሐፊ ይሏታል። አምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ስንት ሰው ቤት ውስጥ ስንት ገመና እንዳለ ከእሷ በላይ የሚያውቅ ቢኖር ንስሐ አባት ብቻ ነው።

ቦታዋንም፣ ፕሪንተሯንም፣ ላፕቶፗንም ባጫ ሊገዛ ተስማማ። ባጫ ከጎኗ ጃንጥላ ዘርግቶ መጻፍ ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ሕግ ተምሮ ሥራ ያጣ፣ ትሑት ሰው ነው።

«እትዬ ሸዋዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት» አላት ሲስማሙ። «ላፕቶፑ ያረጀ ነው፤ ባትሪውም ሞቷል። እኔ የምፈልገው ውስጡን ነው።»

«ውስጡ ምን አለ?»

«የጻፉት አለ እንጂ! የአሥራ አንድ ዓመት ክስ። የቤት ክርክር ሲመጣ ከፍቼ አያለሁ፣ የውርስ ሲመጣ ከፍቼ አያለሁ። ስም መቀየር ብቻ ነው። ለእኔ ዩኒቨርሲቲ ነው።»

ሸዋዓለም ደስ አላት። ጽሕፈቷን ዩኒቨርሲቲ ብሎ የጠራላት ሰው አልነበረም። «እንግዲያው እንዳለ ውሰደው» አለችው። ዓርብ ሊረከባት ቀን ቆረጡ።

ማክሰኞ ጠዋት ወርቅዬ መጣች።

መጀመሪያ አላወቀቻትም። ሻሿን እስከ ቅንድቧ የሳበች፣ ሳሙና የበላው እጅ ያላት ቀጭን ሴት ከፊቷ ቆማ «እትዬ፣ ረሱኝ እንዴ?» ስትላት ነው ከድምጿ የለየቻት። የዛሬ ስምንት ዓመት ከባሏ ጋር ስትፋታ ልጇን ለማሳደግ ያቀረበችውን ክስ የጻፈችላት እሷ ናት።

«ያቺ ወረቀት ጠፋችብኝ» አለች ወርቅዬ እየተቀመጠች። «ሦስት ጊዜ ቤት ቀይሬያለሁ፤ የትኛው ቤት እንደቀረች እንጃ። የመዝገብ ቁጥሯን ይዘሽ ነይ ብለውኛል።»

«እነማን ናቸው ያሉሽ?»

«በነጻ የሚያማክሩ የሕግ ሰዎች አሉ። እትዬ፣ ልጁ እኔ ጋ መኖር እፈልጋለሁ አለኮ!» ፊቷ በአንዴ የሌላ ሰው ሆነ። «አሥራ አራት ዓመት ሞላው። እኔ ምንም አላልኩትም፤ በራሱ አፍ ነው ያለው። አሁን ዳኛው ራሱን ልጁን ይጠይቀዋል አሉኝ። አዲሱንም ማመልከቻ እርስዎ ነዎት የሚጽፉልኝ።»

«እጄን አሞኝ እኮ ሥራ ልተው ነው።»

«የኔን ጽፈው ይተዉታላ!» ብላ ሳቀች።

ሸዋዓለም ላፕቶፑን ከፈተች። ሁሉንም በስም በስም አስቀምጣ ስለነበር የወርቅዬን ማኅደር ለማግኘት ብዙ አልፈጀባትም። ከፈተችው። ውስጡ ያለው አንድ ጽሑፍ አይደለም፤ ሁለት ነው። አንደኛው «የወርቅዬ ክስ» ይላል። ሁለተኛው «የፍሬምናጦስ መልስ»።

ፍሬምናጦስ የወርቅዬ ባል ነበር። ያን ጊዜ፣ ወርቅዬ ክሷን አስጽፋ በሄደች በሦስተኛው ሳምንት፣ መጥሪያ የያዘ ሰው መጥቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሸዋዓለም መጥሪያውን ገልጣ ስሙን እንዳየች ማን እንደሆነ አውቃለች። «የሚስትህን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ወደ ሌላ ሂድ» ማለት ነበረባት። ከጎኗ አራት ራፖር ጸሐፊዎች ነበሩ። አላለችም። ቀኑ ዝናብ ነበር፤ ደክሟት ነበር፤ ጉዳዩን ከሥሩ ስለምታውቀው አዲስ ነገር መስማት አያስፈልጋትም ነበር። ይኸው ነው። ስንፍና ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

መጻፉ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ወርቅዬ ክሷን ስታስጽፍ አንድ ነገር ነግራታለች፦ እናቷ የሞተች ጊዜ መንፈሷ ታውኮ ሁለት ወር ጠበል ቦታ እንደቆየች፣ ልጁንም ለጎረቤት ሰጥታ እንደሄደች። «ይኼንንስ ላስጽፈው?» ብላ ስትጠይቃት ሸዋዓለም ራሷ ነበረች «ተይው፤ ይጎዳሻል» ያለቻት። ፍሬምናጦስ በዚያ ጊዜ ክፍለ ሀገር በሥራ ላይ ነበርና ዝርዝሩን አያውቅም። «ታማ ነበር መሰለኝ» ብቻ አለ። ይኼኔ ሸዋዓለም ጣቶቿን ከመክተቢያው ሳታነሳ «ስንት ወር ቆየች? ልጁስ ያን ጊዜ ማን ጋ ነበር?» ብላ ጠየቀችው። ሰውየው ቆም ብሎ አሰበ። ከዚያም ስልኩን አውጥቶ ለጎረቤቲቱ ደወለ።

ዳኛው ልጁን ለአባቱ ሰጡ።

«አገኙት?» አለች ወርቅዬ።

«አገኘሁት።» ሸዋዓለም ስክሪኑን ወደ ራሷ ዘወር አደረገችው። የመዝገብ ቁጥሩን ከመልሱ ራስጌ አይታ በወረቀት ጻፈችላት፤ ክሱንም አትማ ሰጠቻት። ወርቅዬ ፊደል ትለያለች እንጂ የፍርድ ቤት አማርኛ አይገባትም፤ ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ ስሟ ያለበትን ቦታ ፈልጋ አገኘችና በጣቷ ነካችው።

«እትዬ፣ እርስዎ አሳምረው ነበር የጻፉልኝ» አለች። «የሱ ጸሐፊ ነው የገደለኝ። ያ ሰውዬ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ሲነበብ ቤቴ ገብቶ ሲያየኝ የኖረ ነበር የሚመስለው።»

ሸዋዓለም የፕሪንተሩን ክዳን ከፈተች፤ ዘጋችው። «ሰው እንደ ሥራው ነው» አለች። ወርቅዬ አዲሱን ማመልከቻ ልታስጽፍ ቅዳሜ እንደምትመለስ ነግራት ሄደች።

ወርቅዬ ከዐይኗ እንደራቀች ሸዋዓለም ሁለቱንም ጽሑፎች ሰረዘቻቸው። ማሽኑ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቃት፤ ነኝ አለችው። የተጣለው የሚጠራቀምበትንም ቅርጫት ከፍታ ባዶ አደረገችው። ተገላገልኩ ብላ ነበር። ግን ዕቃዋን ሰብስባ ታክሲ ስትጠብቅ ሌላ ነገር መጣባት። እዚያ ውስጥ ያለው የወርቅዬ ብቻ አይደለም። ባሏ በምን እንደመታት የተናገረችው አለች። ልጁ የሱ አለመሆኑን በምርመራ ያረጋገጠው አለ። ተደፍራ ለእናቷ እንኳ ያልነገረችው ልጅ አለች፤ ለሸዋዓለም ግን ነግራታለች፤ ምክንያቱም መጻፍ ነበረበት። እነዚህን ሁሉ ዓርብ ለባጫ ልታስረክብ ነው። ባጫ ክፉ ሰው አይደለም። ግን ከባጫ በኋላ ላፕቶፑ ማን እጅ ይገባል? ሲሰለቸው ለማን ይሸጠዋል?

ረቡዕ ጠዋት ባጫን ጠርታ ነገረችው።

«ውስጡን አልሰጥህም። አጥፍቼ ነው የማስረክብህ።»

«እንዴ እትዬ! ተስማምተን?»

«ተስማምተን ነበር። አላሰብኩበትም። የሰው ገመና ነው።»

«ገመናማ ፍርድ ቤት የገባ ነው፤ በአደባባይ የተነበበ።»

«በአደባባይ የተነበበውን ሰው ረስቶታል። እዚህ ያለው አልተረሳም።»

ባጫ አንገቱን ደፋ። ቅር ብሎታል፤ መደበቅም አልቻለበትም። «እንግዲያው ላፕቶፑ በግማሽ ዋጋ ነው እትዬ። ባዶውን ከሆነ ከዚህ የተሻለ አገኛለሁ።»

«ግማሽ ይሁን» አለችው። ለመከራከር ጉልበት አልነበራትም።

ሐሙስ ማለዳ ላፕቶፑን በጨርቅ ከረጢት ይዛ ጌጃ ሰፈር ወረደች። ከአንድ የበርና መስኮት ብየዳ ቤት አጠገብ የጀይላን ሱቅ አለ፤ ስልክና ኮምፒውተር ይጠግናል። ጀይላን ጸጉሩ ከፊት የሳሳ፣ ሲናገር የማይቸኩል ሰው ነው። ሱቁ ውስጥ ሆድ ዕቃቸው የወጣ ላፕቶፖች እንደ ሰሌዳ ተደርድረዋል። ከውጭ የብየዳው እሳት ጠርር ባለ ቁጥር መስታወቱ ሰማያዊ ይሆናል።

«ልሸጠው ነው» አለችው። «ውስጡ ያለውን በሙሉ አጥፋልኝ። ዋና ዋናውን እኔ ሰርዤዋለሁ፤ የቀረውን ነው።»

ጀይላን ፈገግ አለ። «እናቴ፣ ሰርዤዋለሁ ብለው የሚያመጡልኝ ብዙ ናቸው። ሲሰርዙት የሚጠፋው ስሙ ነው እንጂ ጽሑፉ አይደለም። የቤት ቁጥሩን ነቅለው ጣሉ እንጂ ቤቱን አላፈረሱትም።»

«ቅርጫቱንም ባዶ አድርጌያለሁ እኮ።»

«እሱም ያው ነው። ይፈቅዱልኛል? ላሳይዎት።»

አንድ ፕሮግራም አስገባና ላፕቶፑን ለቀቀው። አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። ሸዋዓለም በርጩማ ላይ ተቀምጣ ቀኝ እጇን በግራዋ እያሸች ጠበቀች። ከዚያ ስሞች ከታች ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ። አምና የሰረዘችው፣ ካቻምና የሰረዘችው፣ መኖሩንም የረሳችው። ሕያዋኑም ሙታኑም አንድ ላይ ይወጣሉ። ጀይላን በጨዋነት ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። እሷ ግን ዐይኗን መንቀል አልቻለችም። ከመሐል ወጣ፦ «የፍሬምናጦስ መልስ»።

«አየኸው?» አለች፤ ለእሱ ይሁን ለራሷ ሳይታወቃት።

ጀይላን ዞሮ ፊቷን አየ። «የሚፈልጉት ነው?»

«ክፈተው።»

ከፈተው። መነጽሯን አድርጋ ቀረብ አለች። «ከሳሽ ሕፃኑን ለጎረቤት ጥላ ለሁለት ወር ያህል ከቤት ርቃ የኖረች ሲሆን፣ ልጅን ለማሳደግ የሚያስችል የአእምሮም ሆነ የአካል ብቃት የሌላት ስለመሆኑ በሰው ምስክር የሚረጋገጥ ነው…» የራሷ አጻጻፍ ነው። ነጠላ ሰረዙ እንኳ ያለ ቦታው አልገባም። «ሰጥታ» ያለችውን «ጥላ» ያደረገችው እሷ ናት፤ ፍሬምናጦስ እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ አልወጣም ነበር። ያኔ ቃሉን ስታገኘው ደስ እንዳላት ትዝ አላት። በጣም የቀፈፋት ይህ ነው፤ ደስ ብሏት ነበር።

«ይጥፋ?» አለ ጀይላን።

ይጥፋ ብትለው ይጠፋል። ያኔ እውነትም ይጠፋል። ወርቅዬ ቅዳሜ ትመጣለች፤ እሷ በባጫ ማሽንም ቢሆን ትጽፍላታለች፤ ወርቅዬ ትመርቃታለች። ሸዋዓለም ይህን አስባ ምርቃቱ ከወዲሁ ከበዳት።

«ይኼንን አንዱን አትምልኝ» አለች። «ሌላውን እስክመለስ አትንካው።»

ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ከሱቁ ደጃፍ ቆማ ለወርቅዬ ደወለች። ወርቅዬ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደረጃ እያጠበች ነበር። «ምነው፣ ችግር አለ እንዴ?» አለቻት ደንግጣ። «የለም። መጣሁ፤ ጠብቂኝ።»

መንገዱ ሩቅ አይደለም፤ ለእሷ ግን ራቀባት። አዲስ ሕንፃ የሚሠራበት አጥር ሥር ስታልፍ ሲሚንቶ የያዘ አቧራ ጉሮሮዋ ገባ። ሁለት ጊዜ ቆመች። ሁለተኛውን ጊዜ የቆመችው ለዕረፍት አልነበረም፤ ልመለስ ወይስ ልቀጥል እያለች ነበር። የእግረኛው መንገድ ጠባብ ስለሆነ ከኋላዋ የመጡት «እማማ፣ አንዴ ያሳልፉን» አሏት። ለማሳለፍ ስትል ወደፊት ተራመደች፤ በዚያው ቀጠለች።

ወርቅዬ አራተኛው ፎቅ ላይ ነበረች። ሸዋዓለም በደረጃው መደገፊያ ብረት ራሷን እየሳበች ስትደርስ ባልዲና መጥረጊያ ይዛ ቁልቁል ስታያት አገኘቻት።

«እኔ እወርድ አልነበር! ምን አደከመዎት?»

«ተቀመጪ ወርቅዬ።»

እርጥብ ያልሆነች አንዲት ደረጃ ፈልገው ጎን ለጎን ተቀመጡ። ከአንዱ ቤት የሽንኩርት ቁሌት ሽታ ይመጣል፤ ከላይኛው ፎቅ ሕፃን ልጅ ኳስ ያነጥራል። ሸዋዓለም መንገድ ላይ ያዘጋጀችው ንግግር ነበር። ተወችው። ወረቀቱን አውጥታ ጭኗ ላይ ዘረጋችው።

«ያኔ የሱን መልስ ማን ጻፈው ብለሽ ነበር። እኔ ነኝ።»

ወርቅዬ አልገባትም። «ምኑን?»

«የፍሬምናጦስን መልስ። ያንቺን በጻፍኩ በሦስተኛው ሳምንት መጣ። ማን እንደሆነ እያወቅሁ ጻፍኩለት።»

ወርቅዬ ወረቀቱን አየች፣ እሷን አየች። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ወረቀቱን ልትቀበላት ዘረጋች፤ መልሳ ሰበሰበችው።

«ያንብቡልኝ» አለች።

ሸዋዓለም አነበበች። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሳትዘል። የፍርድ ቤቱ አማርኛ ስለማይገባት ወርቅዬ በየመሐሉ «እሱ ምን ማለት ነው?» ትላታለች፤ እሷም በተራ አማርኛ ትደግምላታለች። እንዲህ ሲደገም ከፍርድ ቤቱ አማርኛ ይልቅ ይከፋል። አንድ ጎረምሳ የገበያ ፌስታል ይዞ ወደ ላይ ሲያልፍ ሁለቱም ዝም አሉ። ካለፈ በኋላ ቀጠለች። «ጥላ» የሚለውንም አነበበችው።

«ለጎረቤት መስጠቴን ፍሬምናጦስ አያውቅም ነበር» አለች ወርቅዬ ቀስ ብላ።

«አያውቅም ነበር። እኔ ጠየቅሁት። ስጠይቀው ጠርጥሮ ለጎረቤትሽ ደወለ።»

«ይኼን እኔ ለእርስዎ ነው የነገርኩት።»

«አዎ።»

«ተይው፣ ይጎዳሻል ብለውኝ።»

«አዎ።»

ወርቅዬ ተነሳች። ባልዲውን አንስታ አንድ ደረጃ ወረደች፤ አስቀመጠችው። መጥረጊያውን ይዛ አጥባ የጨረሰችውን ደረጃ እንደገና ማጠብ ጀመረች። ውሃው እየተንጠባጠበ ሸዋዓለም እግር ሥር ደረሰ። ሸዋዓለም እግሯን አላነሳችም። ስድብ ጠብቃ ነበር፤ ስድብ ቢመጣ ትችለው ነበር።

ወርቅዬ ጀርባዋን እንደሰጠች ተናገረች። «ስንት ዓመት እርስዎን ስመርቅ ኖርኩ መሰለዎት። ልደታ ማርያም በሄድኩ ቁጥር። ያቺ ሴትዮ እንኳን ጻፈችልኝ፤ ባይሳካም አልተወችኝም ብዬ።»

«አታልቅሺ ልልሽ አልችልም።»

«አላለቀስኩም።» ዞር አለች፤ እውነትም አላለቀሰችም። «ለምን አሁን ነገሩኝ? ዝም ቢሉ ማን ያውቅ ነበር?»

«ማንም አያውቅም። ላፕቶፑን ልሸጠው ነው፤ ዛሬ ሁሉም ይጠፋል። እሱ ከጠፋ በኋላ እኔ ብቻዬን ይዤው ልኖር ነው። ያንቺ ነገር ነው፤ ሳትሰሚው መጥፋት የለበትም ብዬ ነው።»

«ሸክምዎን ሊያራግፉብኝ ነው የመጡት።»

ሸዋዓለም ይህን አላሰበችውም ነበር። አሁን ስታስበው እውነት አለው። «ሊሆን ይችላል» አለች።

ወርቅዬ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። «ይቅር ለእግዜር ልበልዎት እንዴ? ዛሬ አልችልም እትዬ። ነገም የምችል አይመስለኝም።»

«እሱን ፈልጌ አልመጣሁም።»

«ፈልገው ነው።» ይህን ያለችው በቁጣ አይደለም፤ ድካም ባለበት ድምፅ ነው። «አዲሱን ማመልከቻ በእርስዎ እጅ አላስጽፍም። በነጻ የሚያማክሩኝ ሰዎች ሌላ ጸሐፊ ይፈልጉልኛል።»

«መልካም ነው።»

«ዳኛው እንዴት ሆኖ ተጻፈ ቢሉኝ፣ ይኼንን እርስዎ መጥተው ይናገራሉ?»

ሸዋዓለም ሃያ ሦስት ዓመት የፍርድ ቤቱን በር ከውጭ ስታይ ኖራለች፤ ምስክር ሆና ገብታ አታውቅም። ከፊቷ የሚኖረውን ሁሉ አሰበች፤ ጸሐፊዎቹ፣ ባጫ፣ የሚያከብሯት የችሎት ሠራተኞች። «ከጠራሽኝ እመጣለሁ» አለች።

ወርቅዬ ወረቀቱን ተቀብላት አጣጥፋ ከጉያዋ ከተተችው። «ማሽኑ ውስጥ ያለውን ግን ያጥፉት። ልጄ አሁን ያነባል።»

ሸዋዓለም ወደ ጌጃ ሰፈር ስትመለስ ጀይላን ምሳውን በልቶ ጨርሶ ነበር። «ጀምር» አለችው። ሌላ ፕሮግራም ከፈተ። አሁን የሚደረገው ስም መፋቅ እንዳልሆነ፣ ማሽኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ ባለው ቦታ ሁሉ ላይ ትርጉም የሌለው ነገር እንደሚጽፍበት፣ ከዚያ በኋላ እሱም ሆነ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ መልሶ እንደማያወጣው አስረዳት። «ላፕቶፑ ያረጀ ስለሆነ ቀስ ይላል። ቤት ሄደው ይረፉ፤ ነገ ይውሰዱት።»

«እጠብቃለሁ።»

«አምስት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል እናቴ።»

«ልጠብቅ ግዴለም።»

ጠበቀች። በስክሪኑ ላይ አንዲት ቁጥር አለች፤ አንድ ከመቶ፣ ሁለት ከመቶ እያለች ትሄዳለች። ሸዋዓለም አንዳንዱን ሰው ልታስታውስ ሞከረች፤ አሁን የሚጠፋው ማን ይሆን እያለች። ከቂርቆስ የሚመጡት ሽማግሌ፣ ልጃቸውን የከሰሱት? ሠርጓ በሳምንቱ የፈረሰባት? የስንቱን ፊት ረስታ ክሱን ብቻ እንደምታስታውስ ስታይ አፈረች። ከዚያ ደከማትና ማስታወሱን ተወችው። ብየዳው ቆመ፤ እንደገና ጀመረ። ጀይላን ለአሱር ሰላት ወጥቶ ተመለሰ፤ የለስላሳ ጠርሙስ አምጥቶ ከጎኗ አስቀመጠላት። ስልሳ ከመቶ ላይ ጭንቅላቷን ግድግዳው ላይ አሳርፋ አሸለበች። ሲቀሰቅሳት ፀሐይዋ ከብየዳ ቤቱ ጣራ ወርዳ ነበር።

«አለቀ» አላት። ስክሪኑ ጥቁር ነው። «ፈልጌበት አየሁ፤ አንድ ፊደል የለበትም።»

ክብደቱ ይቀንስ ይመስል በእጇ መዘነችው። ያው ነው። ከፍላ ሄደች።

ዓርብ ባጫ ተረከባት። ላፕቶፑን ከፍቶ ባዶነቱን አየና ሳይወድ በግዱ ሳቀ። «እውነትም አጥበው ነው ያመጡት።»

«አንድ ነገር ልንገርህ» አለችው። «ለአንዱ ከጻፍክ ለባላጋራው አትጻፍ።»

«እሱማ የታወቀ ነው እትዬ።»

«የታወቀ ነው። እኔም አውቀው ነበር።»

ባጫ ቀና ብሎ አያት። ሊጠይቃት ፈልጎ ነበር፤ ግን ፊቷ ላይ ያየው ነገር አስተወው። ቆይቶ «የክስ አጻጻፉንስ ከማን ልማር ታዲያ?» አለ።

«ሲቸግርህ ደውል። በአፌ እነግርሃለሁ፤ የማንንም ስም ሳልጠራ።»

እውነትም ይደውል ጀመር። ሸዋዓለም ቤቷ ቁጭ ብላ፣ ስልኩን በግራ እጇ ይዛ፣ የይዞታ ክርክር እንዴት እንደሚጀመር፣ ምን ተቀድሞ ምን እንደሚከተል ትነግረዋለች። ከፍርድ ቤት ግን መጥሪያ አልመጣላትም። ግንቦት አለቀ፣ ሰኔም ተጋመሰ፤ የማታውቀው ቁጥር በደወለ ቁጥር ፈጥና ታነሳዋለች፤ ሌላ ሰው ነው።

የሐምሌ ዝናብ በጀመረ ሰሞን ባጫ ደወለ። የኪራይ ጉዳይ ሊጠይቃት ነበር፤ ነግራው ከጨረሰች በኋላ «እህ፣ ረስቼው» አለ። «አንዲት ሴት ዛሬ ጠዋት እርስዎን ስትጠይቅ ነበር። ወርቅዬ እባላለሁ አለች። ሥራውን ትተዋል አልኳት።»

ሸዋዓለም ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች። «ምን አለች?»

«‹ልጁ መጥቷል በላቸው› አለችኝ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። ቸኩላ ነበር፤ አንድ ረጅም ልጅ ፍራሽ ተሸክሞ ከታክሲው አጠገብ ይጠብቃታል። ምን ማለቷ ነው?»

«የራሷ ጉዳይ ነው» አለች ሸዋዓለም።

ስልኩን ዘጋች። ወርቅዬ ይቅር አላለቻትም፤ ሰላምታም አልላከችላትም። የላከችላት ወሬውን ብቻ ነው። ሸዋዓለም ሦስቱን ቃላት አገላብጣ አየቻቸው፤ ሃያ ሦስት ዓመት ቃል ስትመርጥ የኖረች ሰው ናትና የቱ ውስጥ ምን እንዳለ ፈለገች። የተደበቀ ነገር አልነበረባቸውም። ልጁ መጥቷል። ዝናቡ በረታና ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር። ተነስታ መስኮቱን ዘጋችና አልጋዋ ላይ ጋደም አለች።